ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጥረው ማሽን

የአንድ ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን እንዲዘገይ የሚጸልይ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ጸልያለሁ። ሌላው ሰው የተጠቃሚዎቹ መወያያ ፎረም ላይ "መቼ ነው የሚወጣው?" እያለ ሲነዘንዝ፣ ሠሪዎቹ ሁልጊዜ "ሲደርስ" ብለው ይመልሳሉ። እኔ አዳማ ላይ፣ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ትንሽ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ያቺን "ሲደርስ" ባየሁ ቁጥር እፎይ እል ነበር። ገና ነው ማለት ነው። ማሽኑ ይቆይልኛል ማለት ነው።

ከሥሩ ላውጋችሁ። ፋየርዎል የሚባለው ነገር በኢንተርኔቱና በእኛ ኮምፒውተሮች መካከል የሚቆም በረኛ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ የትኛው ክፍል በስንት ሰዓት ይዘጋ፣ የሚወስነው እሱ ነው። የእኛው በነጻ የሚወርድ፣ ማንም ሰው ውስጡን ገልጦ ሊያየው የሚችል ሶፍትዌር ነው። የተጫነበት ማሽን ደግሞ ባለቤቴ ሞጆ ላይ ከሐራጅ ያገኘው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሌላው ሰው ለብረቱ ብቻ የሚፈልገውን፣ እሱ እንደ ሕፃን ታቅፎት በሚኒባስ መጣ። "እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ" አለና አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ሊጠርግ ሲል እጁን መታሁት።

ሁለታችንም ይህን ሥራ ትምህርት ቤት ገብተን አልተማርነውም። እሱ የማሰልጠኛው ኤሌክትሪሺያን ነበር፣ እኔ ጸሐፊ። ማታ ማታ ሳይሆን በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ሲወጣ፣ አጠገቡ ተቀምጬ "ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?" እያልኩ ነው የለመድኩት። አይሰለቸውም ነበር። የማያውቀው ሲገጥመው "ቆይ፣ አብረን እንሳሳት" ይለኛል።

ማሽኑን የጫንን ቀን የሰዓት ምርጫው ላይ ስንደርስ እኔ አዲስ አበባን መረጥኩ። እሱ አጠፋው። ዝርዝሩን ወደ ታች ወርዶ ወርዶ፣ ብራዚል ውስጥ ያለ አንድ ከተማ ላይ ቆመ።

"አንተ! ብራዚል ምን አለህ?"

"ብራዚል ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል ይሄም ሁለት ይላል። እዚህ የሚኖር ከሆነ እንደ እኛ ይቁጠር።"

"ፈረንጅ ቢያይህ ይስቅብሃል።"

"ፈረንጅ መቼ ነው እዚህ ክፍል የሚመጣው?"

ያደገው ወንጂ ነው፤ አባቱ ሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። ለእሱ ሰዓት ማለት የፋብሪካው ጡሩንባ ነበር፣ ቀንም የሚጀምረው ሲነጋ ነው እንጂ ሁሉም ሰው በተኛበት እኩለ ሌሊት አይደለም። ማሽኑም በዚህ አመል አደገ። ለሁለታችንም ጨዋታ ሆነልን። ሲርበኝ "ብራዚል ስንት ሰዓት ሆነ?" እላለሁ። "ስድስት። ተነሺ!" ይለኛል።

በረኛው የሚታዘዝባቸው ደንቦች ጎን ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ አለ። ያ አሮጌ ቨርዥን የእኛን ፊደል አይቀበልም ነበር፤ ብትጽፉበት የጥያቄ ምልክት ይደረድርላችኋል። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፤ ለማንበብ ከንፈር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። "የፈተና ሳምንት ብቻ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ችላ በሉ።" "የአዴ ኮምፒውተር። ዜና ይሰሙበታል፣ በምንም ሰዓት አትዝጉባቸው።" አዴ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ናቸው፤ በኦሮምኛ እናትን በአክብሮት እንደ መጥራት ነው፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንላቸው። ከሁሉም በላይ፣ አናት ላይ፣ "ይህን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ" የሚል ነበር።

ፊደላችንን የሚቀበል ቨርዥን እንዲወጣ ምኞቱ ነበር። እሁድ ባቱ ስንሄድ፣ ዓሣው እስኪጠበስ ድረስ ሐይቁን ትቶ ስልኩን ያያል። "ደረሰ?" እለዋለሁ። "አልደረሰም፤ ይደርሳል" ይላል፣ ዓሣው የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ ሳያይ።

ቨርዥኑ ሳይደርስ ሞት ቀደመው። ስለ ሕመሙ አላወራም። ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ፤ ልብሱን ለዘመድ አከፋፈልኩ፣ ስልኩም ከጊዜ በኋላ አልበራም አለ። የቀረኝ ያ ማሽን ነበር። ጠዋት ክፍሉን ስከፍት ማራገቢያው ያጉረመርማል፤ "ደህና አደርክ" እለዋለሁ። ሥራ ባይኖረኝም ገብቼ ማስታወሻዎቹን አነባለሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ።

ከዚያ ማስታወቂያው ወጣ። የሚቀጥለው ቨርዥን የሁሉንም አገር ፊደል ይቀበላል፤ በአሮጌ ሠላሳ ሁለት ቢት ማሽኖች ላይ ግን አይጫንም። እሱ ከወጣ በኋላ ለድሮው ጥገና አይኖርም፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። የእሱ ምኞትና የእኔ ፍርሃት በአንድ ገጽ ላይ መጡ። መቼ? ሲደርስ። እኔም መጸለይ ጀመርኩ።

አንድ ማክሰኞ ደረሰ።

ዳይሬክተራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቀልድ ይወዳሉ። አዲስ ማሽን፣ የዳቦ ቅርጫት ክዳን የምታህል ሳጥን፣ ካስመጡ ወራት አልፎ ነበር።

"እህቴ፣ ይሄ አሮጌ ጡረታ አይወጣም እንዴ?"

"ጋሼ፣ የድሮው ቨርዥን ገመዱ የሚሰካበትን የአዲሱን ሳጥን ኔትወርክ ካርድ አያውቀውም ነበር እኮ። ለዚህ ነው የቆየሁት።"

"አሁን የወጣውስ?"

"እሱ ያውቀዋል። አሮጌውን ማሽን ግን አይቀበልም።"

"እና አንቺ የማን ወገን ነሽ?" አሉኝ እየሳቁ።

የፈራሁት ኢንተርኔቱ ይቋረጣል ብዬ አልነበረም። ያ ማሽን ሲጠፋ፣ እሱ ሠርቶት አሁንም የሚሠራው የመጨረሻው ነገር ይጠፋል ብዬ ነው። ግን በሩን ቀዳዳው በማይደፈን በረኛ ማስጠበቅ ደግሞ እሱ ራሱ የማይወደው ነገር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተማሪዎቹ ሲሄዱ፣ አዲሱን ሳጥን ጫንኩ። ሰዓት ምረጪ ሲለኝ አዲስ አበባ አልኩ፤ ሁሉንም እንደ ሥርዓቱ ልሥራው ብዬ። በሁለቱ ማሽኖች የካርዶቹ ስም ስለሚለያይ ከአሮጌው ያመጣሁት ደንቦቹን ብቻ ነው። ማስታወሻዎቹ ሁሉም መጡ፣ አንድም አልጎደለም። ፊደሉን ሞከርኩ፤ ተቀበለ። የእሱን ጽሑፍ በእኛ ፊደል ልገልብጠው ብዬ የመጀመሪያውን ቃል አጠፋሁ፣ ከዚያ መልሼ ጻፍኩት። አሮጌውን አጠፋሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሠራ። አምስት ሰዓት ላይ ግን ከየክፍሉ ጩኸት ተነሳ። ኢንተርኔት የለም። ኬብሉን ነካካሁ፣ ሳጥኑን አየሁ፤ መብራቱ በርቷል። በዚህ መሃል አዴ በሩ ላይ ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ አዲሱ ዘበኛሽ ለምሳ ወጣ እንዴ?"

"አዴ፣ የእርስዎም ጠፋ?"

"የእኔማ ዜናውን እያወራ ነው። ከእኔ በቀር ነው የጠፋው፤ ልጆቹ ሊበሉኝ ነው።"

ወደ ሳጥኑ ዞርኩ። የአዴ ደንብ ሰዓት የለውም፤ በምንም ሰዓት አትዝጉባቸው ብሏል። የጠፉት ሰዓት ያላቸው ናቸው። ደንቡን ከፈትኩ፦ ክፍሎቹ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይከፈቱ። የሳጥኑን ሰዓት አየሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ አንድ ከአራት ደቂቃ። በረኛው የታዘዘውን ነው ያደረገው። ባለቤቴ ግን ያዘዘው በእኛ ሰዓት ነበር።

ሳቄ መጣ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

"ምን ሆንሽ?"

"ብራዚልን ረስቼ ነው፣ አዴ።"

"ብራዚል ደግሞ ምን አገባት?"

ነገርኳቸው። በሩን እንደ ምርኩዝ ይዘው አዳመጡኝ። የእሳቸውን ማስታወሻም አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "ታዲያ መልሺለታ" አሉኝ፤ ሄዱ።

ደንቦቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ስድስት ስድስት ሰዓት መጨመር እችል ነበር። ያወቀ ሰው የሚያደርገውም ያንን ነው። እኔ ግን ዝርዝሩን ወደ ታች ወርጄ ወርጄ ያቺን ከተማ መረጥኳት። ከየክፍሉ "መጣ! መጣ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ "ይህን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ" ከሚለው ሥር በእኛ ፊደል ጻፍኩ፦ "ሰዓቱ ብራዚል የሆነው በስሕተት አይደለም። እሱ አሁን የለም፤ እኔን ጠይቁ።" ፊደሎቹ አንድም የጥያቄ ምልክት ሳይገባባቸው ወጡ። እሱ እንዲያያቸው ፈልጌ ነበር።

ክፍሎቹን ሁሉ ዞሬ አይቼ ስመለስ የሳጥኑን ሰዓት አየሁት። ስድስት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ርቦኝ ነበር፣ ግን ተነሺ የሚለኝ ስላልነበረ ትንሽ ተቀመጥኩ።