ጣውንቴና የጥፍር ቀለሜ

ባሌ መኪና አለው ብል አልዋሸሁም፤ መኪናዋ ባል አላት ብል ግን ይበልጥ እውነት ነው። ጣውንቴ እላታለሁ። ፊት ለፊቷ ነው የምላት፤ አትሰማም እንጂ ብትሰማ ደስ ባለኝ። ቁመቷ ከወገቤ አይበልጥም። በር የላት፣ ጣሪያ የላት፣ ጎማዎቿ እንኳ ሽፋን የላቸውም። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ እሱ፣ ሌላዋ ልጃችን። እኔ እንግዲህ በር ላይ ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ።

የመጣችው በካርቶን ተፈታታ ነው። እዚህ የብረት ቱቦ፣ እዚያ የፋይበር ገላ፣ ሌላው ጥግ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ጓዝ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ሞተሩን ከአንዲት ተጋጭታ ከተጣለች ትንሽ መኪና ላይ አወረደው። ሳሎን ይሆናል ብዬ የመጋረጃውን ልክ የወሰድኩለት ክፍል ጋራዥ ሆኖ ቀረ። "ሲያልቅ እመልስልሻለሁ" ብሎኝ ነበር። ምኑ ያልቃል? እንዲህ ያለች መኪና አንድ ቀን ተነድታ ሳምንት ነው የምትጠገነው።

የሱ ሃይማኖት ቅለት ነው። "ሲቀል ነው መኪና የሚሆነው" ይላል። ምንጣፏን ነቀለ፣ የወንበሯን ስፖንጅ ግማሹን ቆርጦ ጣለ፣ ቡሎኖቹን ሳይቀር ዱቄት በምመዝንበት ሚዛን እየመዘነ ቀለል ያለውን መረጠ። ሰፈርተኛው ጋሼ ግራም የሚለው ለዚህ ነው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አብሬው ልሄድ ገብቼ ስቀመጥ ቦርሳዬን አየት አድርጎ "እሱን እቤት ብትተዪውስ?" አይለኝም! "እኔንም እቤት ተወኝ!" ብዬ ወረድኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁባትም።

የቅለት ጣጣው መንቀጥቀጡ ነው። ስትንቀጠቀጥ ፋይበሩ ይሰነጠቃል። እሱም ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ቆርጦ በሙጫ ይደርትላታል። ቤቱ በሙጫ ሽታ ይታፈናል፤ ሲሞርደው የሚበነው አቧራ አንሶላችን ድረስ ገብቶ ስንታከክ እናድራለን። ቡሎኖቹን የሚያጠብቁት ዳዶዎችም ይላላሉ። ስለዚህ ከጉዞ በፊት አንድ በአንድ ያጠብቃቸዋል፤ ያጠበቀው ላይ ደግሞ ምልክት ያደርጋል። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። "ሰው ነፍሱን አምኖ በሚወጣበት ነገር ላይ ‘አጥብቄዋለሁ መሰለኝ’ አይባልም" ይላል። ሥራ ቦታው ቀይ ቀለም ይሰጡት ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ የኔን የጥፍር ቀለም ወረሰ። ከዳዶው ተነስቶ ከሥሩ እስካለው ብረት ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል። ዳዶው ከዞረ መስመሯ ትሰበራለች፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። መጀመሪያ ማጥበቅ፣ ከዚያ ማስመር። ይህን እኔ እንኳ በእንቅልፌ አውቀዋለሁ።

ልጃችን ነርስ ናት። ከተራራው ሥር ባለው ከተማ ትሠራለች፤ የሳምንቱን መጨረሻ እኛ ጋ ታሳልፍና እሁድ ከሰዓት አባቷ በዚያች መኪና ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ ያደርሳታል። ሲመለስ ፊቱ በንፋስ ቀልቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ መስሎ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያንን ፊት ለማየት ስል ነው ጣውንቴን ችዬ የኖርኩት።

ሰሞኑን ግን ነገረ ሥራው አላማረኝም። በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ ሲፈልግ ሳቅኩ፤ የማን ባል አያደርገውም? ለጎረቤታችን አንድ የሊፍት ወሬ አውርቶላት፣ ሻዩ ሳይበርድ ያንኑ ወሬ እንደ አዲስ ሲጀምርላት ግን ሳቄ ጠፋ። ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ደግሞ መሬት መሬቱን አየሁ። ዕድሜ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ባለፈው እሁድ ምሳ በልተን ተነሳን። ልጃችን ሻንጣዋን ታስራለች፣ እሱ ሊታጠብ ገብቷል፣ እኔ ጥፍሬን ልቀባ ብል ቀለሙ የለም። የት ይሄዳል? ጣውንቴ ጋ ነዋ! እየተነጫነጭኩ ጋራዥ ገባሁ። ጠርሙሱ ከፊት ጎማዋ ሥር ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው እንዳልወድቅ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ደገፍ አልኩ። ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ በቀይ ተሰምሯል፤ መስመሯ ቀጥ ያለች፣ ያማረች። ጣቴ ሲያርፍበት ዳዶው ዞረ። የደረቀው ቀለም ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። በጣት እኮ ነው የዞረው! የመሪ ዳዶ!

ክው አልኩ። ማጥበቁን ረስቶ አስምሯል። ልጄን ይዞ ያንን ገደል ሊወርድ ነው፤ እሱም አብሯት።

"ሰውዬ!" ብዬ ጮህኩ። "ዛሬ አትሄዱም!"

ልጃችን ሻንጣዋን እንደያዘች እየሳቀች መጣች። "እማዬ ደግሞ! ዛሬም ቀናሽባት?" አባቷ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከኋላዋ ደረሰ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ና ይሄን ንካው።"

ጎንበስ ብሎ አየ። ነካው። ቀስ ብሎ ቀና አለ። "ትናንት አጥብቄዋለሁ። አስምሬዋለሁ። መስመሩ ተሰብሯል፤ ማን ፈታው?" ከዚያ እኔን አየኝ። "ቀልድሽ እዚህ ድረስ ደረሰ?"

ደሜ ፈላ። ልጄ በምትቀመጥበት መኪና ላይ እኔ እጄን እንዳነሳ! የመጣልኝን ሁሉ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ፊቱን አየሁት። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የፈራ ሰው ፊት ነበር። አዎ በይኝ፣ እባክሽ አንቺ ሁኚ እያለ የሚለምነኝ ፊት። አንጀቴን በላው።

"አዎ" አልኩ። "እኔ ነኝ የፈታሁት። እንዳትሄዱ ብዬ ነው።"

"እማዬ!" አለች ልጃችን። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ ሁለተኛም እንደዚያ እንድታየኝ አልፈልግም። ይሁን አልኩ በሆዴ። ዛሬን ብቻ መኪናዋ ሳትነሳ ትዋል እንጂ፣ ነገ በሆነ ዘዴ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ። ሁለቱም በሕይወት ይኑሩና ይጥሉኝ።

የሱ ትከሻ ወረድ አለ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ሊስቅም ቃጣው። "እንደሱ በይኛ! ምን የማታደርጊው አለ አንቺ?" አለ። እኔም እፎይ ልል ነበር። ግን ሊፍት ጠጋኝ ነዋ! አንድ የላላ ካገኘ ሁሉንም ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም። መፍቻውን አንስቶ ወደ ሌላኛው የፊት ጎማ ዞረ። ተው ልለው ስል እሱ ደርሷል። ተንበረከከና እንደ ልማዱ መጀመሪያ መስመሩን በዓይኑ አየ። ከዚያ መፍቻውን ዳዶው ላይ አሳረፈ። መፍቻው ያለምንም ትግል ዞረ።

መፍቻውን ከዳዶው ላይ አነሳ።

"ይሄኛውን አንቺ አልፈታሽውም" አለ።

"ፈትቼዋለሁ!"

"መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።"

"ፈትቼ መልሼ ቀባሁታ! ምን አለበት?"

"አንቺ?" አለኝ ቀና ብሎ፤ ድምፁ የለሰለሰ ነበር። "አንቺ እኮ ጥፍርሽን ስትቀቢ እንኳ ጣትሽን ሁሉ ትለቀልቂያለሽ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ሦስታችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር። ልጃችን ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች። ባሌ መፍቻውን ቦታው ሰቀለና፣ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

ልጃችን በአውቶቡስ ሄደች። ስንሰነባበት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ይቅር በይኝ እማዬ" አለችኝ፤ ቀጥላም "ሐኪም ቤት ቀጠሮ እኔ እይዝለታለሁ" አለች። እሱ ከበር ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበላት፤ ሁልጊዜ እኔ በምቆምበት ቦታ።

ሸኝቻት ስመለስ ሳሎን ሊሆን በነበረው ክፍል ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ጣውንቴ አጠገብ ተቀምጧል። ጥጥ በእጁ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዬ ከፊቱ። መስመሮቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል።

"ምነው?" አልኩት። "የጠበቁትን ዳዶዎች መስመርም ታጠፋለህ እንዴ?"

"የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅማ" አለኝ።

ከጎኑ ተቀመጥኩና ጥጥ ቆርሼ በኋላ ጎማዋ በኩል ጀመርኩ።

"ቀስ በይ" አለኝ ሳያየኝ፣ "ማስለቀቂያው ፋይበሩን እንዳይነካባት።"