ወደ ገበያ መንገድ የዞረው በር

ዲላ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት እያሠራ ነው። በአጠገቡ ሳልፍ የእርጥብ ሲሚንቶው ሽታ አቆመኝና ዓይኔ በሩን ፈለገ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ቡሌ ውስጥ፣ አባቶቻችን ግንድ ተሸክመው ትምህርት ቤታችንን ሲሠሩ ሽንት ቤትም ጨመሩበት። በመንደሩ የመጀመሪያው ነበርና ኮሩበት፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው በሩን ወደ ገበያ መንገድ አዞሩት። እኛ ሴቶቹ ግን ሰው እያየን እንዴት እንግባ? አብራኝ የምትማረው ታላቅ እህቴ በዕረፍት ሰዓት ቤት ድረስ ትሮጥ ነበር። አንድ ቀን እንደሄደች በዚያው ከትምህርት ቀረች።

እናቴ ነገሩን ለመንደሩ ሽማግሌ ለሀይቻ ዱካለ ነገረቻቸው። በማግስቱ የእንሰት ችግኝ ከጓሯቸው ነቅለው ተሸክመው መጡና በበሩ ፊት ለፊት በረድፍ ተከሉት። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበር።

«ለሚያልፈው ሰው ነው የሠራነው» አሉኝ። «የሚገባውን አላሰብንም።»

«መቼ ያድጋል?» አልኳቸው።

«እንሰት አይቸኩልም፣ ልጄ።»

ቅጠሉ በሩን ሲጋርድ እኔ አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ በዚያው መንገድ ወደ ገበያ ታልፍ ነበር።

የዲላው በር ገና አልተገጠመም።

«ሰው እየጠበቁ ነው?» አለኝ ግንበኛው። «በሩ ወዴት ነው የሚዞረው?» አልኩት።