የእህቴ ልጅ ናት

ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚያወጣ ገበሬ ሁሉ ዓፊፋን ይፈራታል። አንድ ዛላ አንስታ ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ ታደርግና፣ ሳትቀደው «ይኸ ውስጡ ሻግቷል፤ መልሰው» ትላለች። ሲቀደድ እውነትም የሻገተ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመችው በዚህ ጆሮዋ ነው። ጉድ የሠራትም እሱው ነው፤ ሰው ሁሉ በርበሬ መሰላታ!

ናጂሃ አንድያ ልጇ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሕር ዳር ተምራ የተመለሰችው በቅርቡ ነው። በአንድ ቤት የሚሰግዱ ሴቶች ደግሞ አንዷ የሌላዋን ወር ሳይጠያየቁ ያውቃሉ። አበባዋ የመጣባት ሶላትም ጾምም ትተዋለች፤ መስገጃዋ ተጠቅልሎ ይሰነብታል። የናጂሃ መስገጃ ግን ለወራት አልተጠቀለለም። ረመዳን ሲመጣም ወሩን ሙሉ አንድ ቀን ሳታጎድል ጾመች። አጎቷ ማህዲ «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለች ጎበዝ!» አለ፤ ወንድ ምን ያውቃል። ዓፊፋ ግን ቀን ቆጠረች። ልጅቷ ወፈር ብላለች፣ ፊቷም ብጉር አውጥቷል። በቃ፣ አርግዛብኛለች አለች በልቧ። ምን ሆንሽ ብላ ግን አንዲት ቃል አልጠየቀቻትም።

ቡሬ እንዳታሳክማት ሰው ያያል። በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወሰደቻት። የሽንት ምርመራው እርግዝና የለም አለ። «ሽንት ይሳሳታል» ብላ ድርቅ አለች ዓፊፋ። ሐኪሙ ግን ናጂሃን ለብቻዋ ካነጋገረ በኋላ በሌላ ምክንያት አልትራሳውንድ አዘዘ።

ያላገባች ስለሆነች የምትታየው በሆዷ ላይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ፊኛዋ መሙላት አለበት። ስለዚህ ሆዳቸው ከገፋ ሴቶች መሃል ተቀምጣ ውሃዋን ትጠጣለች። በእኛ አገር አልትራሳውንድ የነፍሰ ጡር ነው፤ እዚያ በር ላይ የተቀመጠች ሁሉ አርግዛለች። ዓፊፋ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። አላዳናትም። ከገበዝ ማርያም እየመጣች በርበሬ የምትገዛት አደይ፣ ምራቷን አሳይታ ስትወጣ ፊት ለፊቷ ተገተረች።

«ኸረ እትየ ዓፊፋ! እንዴት ሰነበቱ? ይችማ ልጅዎ መሆን አለባት። መቸ ዳሯት? ምነው ሳይጠሩን!»

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች ዓፊፋ።

የናጂሃ ጠርሙስ ከከንፈሯ ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ መጠጣቷን ቀጠለች።

ተራቸው ሲደርስ ሰብለ የምትባል ሐኪም ቀዝቃዛውን ቅባት የናጂሃ ሆድ ላይ አድርጋ መመርመሪያውን ማንሸራተት ጀመረች። ዓፊፋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ማህፀኗ ባዶ ነው፤ ጽንስ የለም» አለች ሰብለ። «እነዚህን ግን ይዩ።» በእንቁላል ማምረቻው ዳር ዳር የተደረደሩ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችን በጣቷ አሳየች። «ማደግ ጀምረው ሳይበስሉ የቀሩ እንቁላሎች ናቸው። በሁለቱም በኩል በዝተዋል። ምስሉ ብቻውን አይፈርድም። አበባዋ መቅረቱና አገጯ ላይ የሚወጣው ፀጉር ሲጨመርበት ግን ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። የደም ምርመራም ይቀራታል። ብዙ ሴት ያለበት ነገር ነው፤ ሕክምናም አለው።»

«የምን ፀጉር?» አለች ዓፊፋ።

ናጂሃ ሻርፗን ከአገጯ ዝቅ አደረገች። በየማለዳው ተደብቃ በወረንጦ ስትነቅለው ቆዳው ቆሳስሏል። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ እናትየዋ መስገጃውን ስትጠብቅ አገጯን ልብ ብላ አላየችውም። ዓፊፋ አፈረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በቤተሰብ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ልጠይቅዎ» አለች ሰብለ። «እናቷ እርስዎ ነዎት?»

ዓፊፋ አፏን ሳትከፍት ናጂሃ ቀደመቻት።

«አይደለችም። አክስቴ ናት።»

ዓፊፋ ተነሥታ ወጣች፤ አደይን ፍለጋ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ አየች። አደይ ሄዳለች። ወንበሩ ላይ የማታውቃቸው ሴቶች ተቀምጠዋል።

«ልጄ ናት!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ናጂሃ የኔ ልጅ ናት!»

ሴቶቹ ቀና ብለው አዩዋት። ከመካከላቸው የጠየቃት አልነበረም። ናጂሃም ፊኛዋ ሊፈነዳ ደርሶ ነበርና፣ ቀና ብላ ሳታያት መጸዳጃ ቤት ፍለጋ በአጠገቧ አልፋ ሄደች።