ለዘር ያልቀረው እርሾ

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ልጆች አሏት፤ ቀኗ በሩጫ ነው የሚመሸው። እናቷ ከመሞቷ በፊት የሰጠቻት እርሾ ግን አንድም ቀን አስቸግሯት አያውቅም። ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ይተኛል፤ በሳምንት አንዴ አንድ ማንኪያ ዱቄትና ትንሽ ውሃ ትሰጠዋለች፣ በቃ። እናቷ «እሱ እንደ ልጆችሽ አያለቅስም። ብቻ ስትጋግሪ ለዘር አስቀሪ» ትላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿ ልጅ ትኩሳት ይዟት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ ትልቁ «እማዬ፣ ጫማዬስ!» እያለ ሲያዋክባት፣ በአንድ እጇ ብልቃጡን አንስታ እንዳለ ሊጡ ላይ ገለበጠችው። ዳቦው ኩፍ ብሎ ወጣ። ልጆቹ ሲሻሙ እያየች ድንገት ክው አለች።

«ብልቃጡስ?»

«አጠብኩልሽ» አላት ባሏ ኮራ ብሎ። «የሊጡንም ሳህን። ዛሬ እንኳ እረፊ ብዬ።»

ሰውዬው ለደግ ብሎ ነው። እሷም ከእናታቸው እርሾ ተካፍላ ነበርና እህቷ ጋ ደወለች።

«እኔማ ያንቺን ተማምኜ የኔን ከጣልኩት ቆየሁ» አለቻት። «አዲስ ጀምሪ በቃ!»

«አዲሱ የእማዬ ነው?»

ብላ ስልኩን ዘጋች።

«የአያቴ ዳቦ ሲጣፍጥ!» አለ ትልቁ ልጅ አፉ ሞልቶ። «ነገም ትጋግሪልናለሽ?»

«ብላ የኔ ጌታ» አለችው።