የአስቴር የቻይና ሻይና የእኔ ቅናት

ዛሬ የጎረቤቴ የአስቴር ሻይ ሲመር ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

የጸሎት ጓደኞቼ ለዓመታት ሻይ የሚጠጡት እኔ ቤት ነበር። የአስቴር ልጅ ከቻይና አረንጓዴ ሻይ ላከላትና ዛሬ ሁሉም እሷ ቤት ሄዱ፤ ከሩቅ ከበዴሳ ከተማ በሚኒባስ የምትመጣው ጓደኛችን እንኳ አልቀረችም።

አስቴር ግን ቅጠሉን እንደ እኛ ሻይ ከቅርንፉድና ከስኳር ጋር አንተከተከችው።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ምን ላድርግ፣ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። መነጽሬን አድርጌ ሻዩ የመጣበት ቆርቆሮ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብኩ።

«አስቴር፣ ይህ ቅጠል አይፈላም! የፈላው ውሃ ትንሽ ይብረድና ላዩ ላይ ይፍሰስ። ስኳርም አያስፈልገውም።»

በአዲስ ቅጠል እንዳልኳት አደረገች። ምሬቱ ጠፋ፤ ሽታው እንደ ለጋ ሣር ሆነ።

«ከእንግዲህ እዚሁ ነን!» አሉ ሁሉም።

«አንቺም እየመጣሽ ትቀጂልናለሽ» አለችኝ አስቴር።

እናንተስ፣ እንግዶቻችሁን በገዛ አፋችሁ ለጎረቤት አሳልፋችሁ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ?