ባሌን ባሕር ውስጥ የያዘችው እጅ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። የምጽፍላችሁ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን ነው። እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ያበግነኛል። ባለቤቴ ደረጀ ዝም ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ እንኳ ዓይኔ ሄዶ እጁ ላይ ያርፋል።

ደረጀ ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ሱፐርቫይዘር ነው። እኔ ቦሌ ሚካኤል ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። የምንኖረው ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው። ፋብሪካው ለረጅም ጊዜ ላገለገሉ ሦስት ሠራተኞች ዛንዚባር ሄደው እንዲዝናኑ ትኬት ሲሰጥ አንዱ እሱ ሆነ። ትኬቱ ሚስትን አይጨምርም። "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። ያለው አፌ ነው እንጂ ልቤስ አላለም።

እስቲ ፍረዱኝ። ከተጋባን ጀምሮ አብረን የሄድንበት ሩቅ ቦታ ዝዋይ ነው፣ እሱም ለለቅሶ። አሁን እሱ ባሕር ዳር ተንጋሎ ኮኮነት ሊጠጣ፣ እኔ ደግሞ የሰው መጋረጃ ላይ ቀለበት ስሰካ ልውል! ሻንጣውን ሳዘጋጅለት ሸሚዙን ሁሉ በንዴት ነበር የማጥፈው።

ታናሽ ወንድሜ ካሜራውን አዋሰው። መዳፍ የምታክል፣ ውሃ ውስጥ ብትገባ ምንም የማትሆን ካሜራ ናት። "ጋሼ፣ ዓሣዎቹን ቀርጸህ አምጣልን፤ ግን ዋና ትችላለህ አይደል?" አለው።

"ምን ማለትህ ነው? የሐዋሳ ልጅ ተይዞ!" አለ ደረጀ ደረቱን ነፍቶ። ይህችን የሐዋሳ ልጅነቱን ገና ስንተዋወቅ ጀምሮ ሰምቻታለሁ። ሐይቁን ወዲያና ወዲህ ሲያቋርጥ ነው ያደገው፣ እሱ እንደሚለው። እኔም አምኜው ኖሬያለሁ።

ሄደ፣ መጣ። አፍንጫው ተልጦ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ለኔ አንድ የሚያምር ሻሽ ይዞ መጣ። እሑድ ዕለት እናቱ "እንኳን በሰላም ገባህ" ሊሉት መጡ። እኔም እማዬ ነው የምላቸው። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን ትርሃስም ዳቦ ይዛ መጣች። ደረጀ ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና ሪሞቱን ይዞ መሀላችን ቁጭ አለ።

"ጓደኞቼማ ፈርተው ጀልባው ላይ ቀሩ። ወንድ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ" አለን።

እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ውሃው እንደ መስተዋት ነው። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሽንትር ያለው ዓሣ ተግተልትለው ያልፋሉ። ትርሃስ "ወይ ጉድ! ወይ የእግዜር ሥራ!" ትላለች። ድምፅ የለውም፣ የሚሰማው ቡልቅ ቡልቅ የሚል ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ደረጀ ራሱ ብቅ አለ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ፣ መተንፈሻ ቱቦውን አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ ካሜራው እጁን ያወዛውዛል። አጨበጨብንለት።

እማዬ ግን አላጨበጨቡም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ኧረ ደረጀ፣ አንተ እዚያ ውስጥ ከሆንክ ማነው የሚያነሳህ?" አሉት።

ልጃቸው መልስ ሳይሰጥ ቴሌቪዥኑ መለሰላቸው። ከጎን አንድ እጅ ገባ። ሂና የተሳለበት፣ አንጓው ላይ አምባር የደረደረ እጅ። መጣና የባሌን እጅ ያዘ። ባሌም ያዘው። ይዞም አልቀረ፣ ጭምቅ አድርጎ ያዘው! ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው በዓሣው መሀል ነጎዱ።

ደረጀ ሪሞቱን ተጫነና አጠፋው። "ያው ነው፣ ከዚህ በኋላ ዓሣ ብቻ ነው።"

"ማነው?" አልኩት።

"አስጎብኚው ነዋ።"

ትርሃስ ወሬ ካገኘች አትተውም። "ወንድ ነው ሂና የተቀባው?"

"እዚያ አገር ይቀባሉ።"

"አምባርም ያደርጋሉ?"

"ያደርጋሉ!"

እማዬ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ትርሃስም ወጥ እሳት ላይ ጥዳ እንደመጣች ድንገት ትዝ አላትና ወጣች።

ምን እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። ደረጀ መንገድ ላይ እጄን ይዞኝ አያውቅም። አንድም ቀን! አዲስ ሙሽሮች ሆነን፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ስንሄድ እጄን ሰጥቼው ነበር። "እንዴ፣ ሰው ምን ይለናል?" ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ የራሱን እጅ ማለቴ ነው። ቀለበት መንገዱን ስንሻገር እንኳ እሱ ቀድሞ ይሻገርና ከወዲያ ማዶ "ነይ እንጂ!" ይለኛል። እኔ ያላገኘሁትን እጅ ይቺ ባለ አምባር ባሕር ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘችው። ያውም በወንድሜ ካሜራ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን በኩርፊያ ተሞላ። ምግቡን አቀርብለትና ፊቴን አዞራለሁ። መኝታዬን ወደ ሳሎን አወጣሁ። "በእማዬ ሞት አስጎብኚ ነው" ይለኛል።

"አስጎብኚ ናት በል!"

"እሺ፣ ናት።"

"ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?"

ተነስቶ ጫማውን መወልወል ይጀምራል። የጠረጠርኩት ሁሉ እውነት መሰለኝ። ንጹሕ ሰው ምን ያስደብቀዋል? አዳማ ላለችው እህቴ ደወልኩና አንድ ክፍል እንድታዘጋጅልኝ ነገርኳት። ልብሴንም ሸከፍኩ። እኔ በትዳሬ ላይ ሌላ ሴት ችዬ የምኖር ሰው አይደለሁም።

ካሜራውን ለወንድሜ መመለስ ነበረብኝ። ከመመለሴ በፊት ግን ሱቄ ወሰድኩትና በሩን ገርበብ አድርጌ መጋረጃዎቹ መሀል ተቀመጥኩ። ያሳየን እየመረጠ ነው፤ ያላሳየን ሌላ እንዳለ ልቤ ነግሮኛል። በውስጡ አንዲት ነገር ካገኘሁ ከሱቄ ቀጥታ ወደ አዳማ ነኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ጀልባው ታየኝ። የሚቀርጸው ከጓደኞቹ አንዱ ነው፣ ሲስቅ ይሰማል። ሴትዮዋም ታየች። ሂናው አለ፣ አምባሩ አለ። ግን የእማዬ እኩያ ናቸው! ወፈር ያሉ፣ ከሻሻቸው ሥር ሽበታቸው ብቅ ያለ፣ ከወገባቸው በላይ ተንሳፋፊ ሰደርያ ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። ውሃ ውስጥ ሆነው ደረጀን "ና" ይሉታል። ደረጀ የጀልባዋን መሰላል ሙጭጭ ብሎ ይዟል።

የሐዋሳው ልጅ! ዋናተኛው! እግሩን እንኳ ውሃ አላስነካም።

ጓደኛው ካሜራውን ለሴትዮዋ አቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ምስሉ ተተረማመሰ፤ ሰማይ፣ ውሃ፣ የደረጀ እግር። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። "አትልቀቂኝ! በማርያም አትልቀቂኝ! ሚካኤል! ኧረ ሚካኤል! እማዬ! እማዬ ድረሺ!" ሁሉንም በአማርኛ ነው የሚጮኸው። እሳቸውም በአገራቸው ቋንቋ ረጋ ብለው ያባብሉታል። እንዲህ ጮኾ ጮኾ ሰደርያቸውን በአንድ እጁ እንደጨበጠ ፊቱን ውሃው ውስጥ ከተተ። እኛ ያየነው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ሳቅሁ። ስስቅ እንባዬ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ። መጋረጃዋን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ በሩን ከፍታ አየችኝና ደነገጠች።

"ውይ በሞትኩት! ምን ሆንሽ? ሰው ሞተብሽ እንዴ?"

"ኧረ አልሞተም፣ ተርፏል" አልኳት።

እሷን ሸኝቼ እንደገና ከፈትኩት። እንግዲህ እዚህ ጋ መተው ነበረብኝ። እኔ ግን ያው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሳዳምጠው አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ማርያምን ጠራ። ሚካኤልን ጠራ። እናቱን ጠራ። ሦስተኛ አዳመጥኩት። የኔ ስም የለም። የሞት ሞቱን ሲጮኽ ሚስቱ ትዝ አላለችውም! ከሴትዮዋ የተረፈው ቅናቴ ዞሮ አማቴ ላይ አረፈ።

ማታ ከሥራ ሲመጣ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት። ገና ሲያየው ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"ለትርሃስ እንዳትነግሪብኝ" አለ። አስቡት፣ የሱ ጭንቀት ለካ ይኼ ነው! እኔ ትዳሬን ላፈርስ ሻንጣ ሸክፌ፣ እሱ የሚፈራው ዋና አለመቻሉ እንዳይታወቅበት ነው።

"ለማንም አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አልኩት። "ሁሉንም ጠርተሃል። እናትህን ሳይቀር ጠርተሃል። እኔን ለምን አልጠራኸኝም?"

መሳለቅ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። የምሬን መሆኑን ሲያይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"አንቺን ብጠራሽ ትመጫለሽ ብዬ" አለ። "ዋና ደግሞ አትችዪም።"

"አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? አንተ ዛንዚባር፣ እኔ ቡልቡላ!"

"አውቅሻለሁ" አለኝ። "ትመጫለሽ።"

ሻንጣዬን ማታውኑ ፈታሁት። ለእህቴም ደውዬ ነገሩ መቅረቱን ነገርኳት፤ እሷ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ቅናቱ ግን ለቆኛል ብል ውሸት ነው። እጃቸውን ስለያዘ አይደለም፣ እሱን ትቼዋለሁ። ባሌ ሲፈራ ያዩት እሳቸው በመሆናቸው ነው። እኔ ይህን ያህል ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ አብሬው ተነስቼ የማውቀው ፉከራውን ብቻ ነበር። ፍርሃቱን አንድም ቀን አላሳየኝም። እሳቸው በአንድ ጠዋት አዩት፣ አባበሉትም። በቀደም ሳላስበው "ስማቸው ማን ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። "እኔ እንጃ፣ አልጠየቅኋቸውም" አለኝ። ነፍሴ መለስ አለች።