ቴምብር የተለጠፈላቸው

የእህቴ ባል በዕድሜው ደብዳቤ ልኮ አያውቅም። ወልድያ ውስጥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣል። ጉዳይ ካለው ይደውላል፤ ካልተነሳለት ይሳደባል። ፊት ለፊት «ጋሼ» እያልኩ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታውን ላባክንለት አልፈልግም።

የሴት ልጁ ሰርግ ጥር ውስጥ ነበር። ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ከቦርሳው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አደይ አበባ ያለባቸው የፖስታ ቴምብሮች ናቸው። አበባዋ ቆንጆ ነበረች፤ ይህን አልክድም። ክረምቱ ሲወጣ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ የማሳ ዳር ሁሉ እሷን ይለብሳል። እሱ ግን መኪናውን አቁሞ አንድ ቀን እንኳ አይቷት አያውቅም።

«የጥሪ ካርዱ ፖስታ ላይ ይለጠፋል» አለ።

«በፖስታ ቤት ሊልኩት ነው?»

«ምን በወጣኝ። አንቺ ታደርሺው የለ?»

«ታዲያ ቴምብሩ ምን ይሠራል?»

«ክብር ነው» አለኝ፣ ነገር ቶሎ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ ድምፁን ዝግ አድርጎ። «ትልልቅ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ነው የሚደረገው።»

የትኛው ትልቅ ሰው ቤት ገብቶ እንዳየው አልጠየቅኩትም። ቴምብሩን በምላሱ እያራሰ ይለጥፍ ጀመር። ለጥፎ በአውራ ጣቱ ጫን ይላል፤ ከዚያ ራቅ አድርጎ ይዞ ራሱን ያደንቃል። እህቴ አጠገቡ ተቀምጣ ታቀብለዋለች። አንዳንዱን ካርድ ግን ምንም ሳይለጥፍበት ወደ ጎን ይገፋዋል።

«እነዚህስ?» አልኩት።

«ቴምብሩ ለሁሉም አይበቃም። ለሰው ለሰው ብቻ ነው።»

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዘመድ ናቸው። ዘመድ እንደሆነ ያለ ቴምብርም ይመጣል።»

ከተገፉት መሃል የአክስታችን ካርድ ነበረ። እናታችን ስትሞት እኔንና እህቴን መርሳ ቤታቸው ወስደው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። እህቴን መርቀው ለዚህ ሰው የዳሩትም እሳቸው። እህቴን አየኋት። ካርዱን አይታዋለች። ቀና ሳትል ቀጣዩን አቀበለችው። ለሷ የነበረኝ ግምትም ያን ጊዜ ወረደ።

አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር በማግስቱ የመርሳን ካርዶች ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ስደርስ መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴ ቤት ነው። ጓሮ ሆነው ፓፓያ ያወርዱ ነበር። ስመውኝ አስቀመጡኝ። ካርዱን ስሰጣቸው ማንበብ ባይችሉም ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ከቦርሳዬ ብቅ ባለው በሌላኛው ላይ አረፈ።

«ይቺ አደይ ያለባትስ የማን ናት?»

«እዚሁ መርሳ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው።»

«ዘመዳችን ነው?»

«አይደለም።»

«ልጅቷን ያውቃታል?»

«አያውቃትም፣ አክስቴ።»

«እንግዲህ ይምጣና ይወቃታ» አሉና ፓፓያ ሊቆርጡልኝ ቢላዋ ፍለጋ ገቡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ተቀበለኝ። ጣቱን በፖስታው ጥግ አስገብቶ ሲቀደው አበባዋ ለሁለት ተከፈለች።

«የማን ሰርግ ነው?»

ነገርኩት።

«እ፣ ቆርቆሮ ቤቱ። ጊዜ ከተገኘ እናያለን» አለና የተቀደደውን ፖስታ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። የሚገርመው፣ እሱን ብዙም አልናቅኩትም። ሰውየው ቴምብር ለጥፉልኝ አላለም።

የሰርጉ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከፊት ያሉት ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰው በሪባን ታስረዋል። ዘመድ የተቀመጠው ከኋላ፣ ወጥ ከሚገባበት በር አጠገብ ነው። አክስቴ እዚያ ነበሩ፤ አስተናጋጆቹ ትሪ ይዘው ባለፉ ቁጥር ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። ምሳ ሊነሳ ሲል የፊት ወንበሮች ግማሽ ያህሉ አሁንም ባዶ ናቸው። የመርሳው ኃላፊም አልመጣም። ሄጄ የአክስቴን እጅ ያዝኩ።

«ይነሱ፣ ወደ ፊት እንሂድ።»

«ተይኝ ልጄ፣ እዚህ ተመችቶኛል።»

«እኔን አልተመቸኝም።»

ሪባኑን ፈትቼ አስቀመጥኳቸው። የእህቴ ባል ለእንግዶች የሚያሳየውን ፈገግታ ሳያወርድ ወደ እኔ መጣ።

«ይሄ ቦታ እኮ ተይዟል» አለኝ በጆሮዬ።

«አዎ፣ ተይዟል። አክስታችን ይዘውታል።»

«የክብር እንግዳ ቢመጣ ምን ልል ነው?»

«ከመጣ እኔ እነሳለታለሁ» አልኩት። «እሳቸውን ግን እርስዎ ራስዎ ያስነሷቸው፤ ሰው ሁሉ ይይዎት።»

አክስቴ ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ያዝኩ። ያን ጊዜ ሙሽራዋ ከመድረኩ አየችን። ቬሎዋን ሰብስባ ወረደችና የአክስቴን ጉልበት ሳመች። ቪዲዮ ቀራጩ ተከትሏት ስለነበር አባቷም ካሜራውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ አክስቴን አቀፋቸው። እህቴን ካገባ ጀምሮ ሲያቅፋቸው አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አኮረፈኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ኃላፊው ስብሰባ ይዞት ቀረ እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል፤ ሰውየው እንኳን ይቅርታ ሊልክ፣ ስሙንም የሚያስታውስ አይመስለኝም።

የሰርጉ ዕለት አክስቴ ኬክ ሳይቆረጥ መሄድ ፈለጉ። በባጃጅ መናኸሪያ አደረስኳቸው። የመርሳው ሚኒባስ እስኪሞላ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጠብቅ ስለ ወንበሩም ስለ ካርዱም ምንም አላነሱም።

«ልጅቷ ከስታለች» አሉኝ። «እህትሽን ምግብ አብያት በያት።»

እሺ አልኳቸው። ሚኒባሱ ሲወጣ በመስኮቱ እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ እኔም ወደ አዳራሹ ሳልመለስ ቤቴ ገባሁ።